ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ ለዝናብ ውሃ፦ ታንከሩ ደህና ነው፣ ጉድለቱ ከአሸንዳው እስከ ክዳኑ ባለው መንገድ ላይ ነው

መርካቶ የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ገብቶ «የጣሪያ ዝናብ ለመጠጥ ማጠራቀም እፈልጋለሁ» ለሚል ሰው የሚቀርብለት ዕቃ ከሱቅ ሱቅ ብዙም አይለያይም። ባለ 5,000 ሊትር ጥቁር ፕላስቲክ ታንከር፣ አንድ ሩቢኔት፣ ጥቂት ሜትር ባለ 110 (የውጭ ስፋቱ 110 ሚ.ሜ. የሆነ) ፒቪሲ ቧንቧና ሁለት ሦስት ጎሚቶ (የቧንቧ ማጠፊያ) ይሰጡታል። አሸንዳውን ላሜራ ሠሪ ይሠራለታል። ይህን ብቻ የገጠመ ቤት ውሃ ያገኛል፤ የሚጠጣ ውሃ ግን ገና አላገኘም። እዚህ የምናየው ሙሉውን ጥቅል ነው። ሮቶ ስንልም እንደ ሰፈሩ አጠራር የማንኛውንም ፋብሪካ ፕላስቲክ ታንከር ማለታችን ነው።

«5,000 ሊትር ይበቃል ወይ?» የሁሉም ገዢ የመጀመሪያ ጥያቄ ነው። አንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው። ጣሪያው የሚለካው መሬት ላይ በሚሸፍነው ስፋት እንጂ በቆርቆሮው ርዝመት አይደለም፤ 8 በ7.5 ሜትር የሆነ ቤት ጣሪያው የቱንም ያህል ቢያዘነብል 60 ካሬ ነው። ከቆርቆሮ ላይ ከሚወርደው ውስጥ 80 በመቶውን እይዛለሁ ብሎ ማስላት ይሻላል፤ የቀረው በፍንጣሪ፣ በትነትና ከአሸንዳ ሞልቶ በመፍሰስ ይጠፋል። አዲስ አበባ ላይ ሐምሌና ነሐሴ በአማካይ እያንዳንዳቸው 250 ሚ.ሜ. እና ከዚያ በላይ ይዘንባል። አሸንዳው በአንዱ ወገን ብቻ ቢሆን እንኳ 30 ካሬ በ250፣ በ0.8 ሲባዛ 6,000 ሊትር ይመጣል። ከግማሽ ጣሪያ በአንድ ወር ሮቶው ሞልቶ ይተርፋል ማለት ነው።

ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ የሚያንሰው ማስቀመጫው ነው፣ ዝናቡ አይደለም። ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን 7.5 ሊትር ይቆጥራል፤ አምስት ሰው ላለበት ቤት 37.5 ሊትር ነው። ከሩቢኔቱ በታች የሚቀረውን ትተን 4,800 ሊትር ለ128 ቀን ይሄዳል። መስከረም መጨረሻ ላይ ሙሉ የነበረ ታንከር የካቲት መጀመሪያ ላይ ያልቃል፤ በልጉ እስኪገባ ጥቂት ሳምንታት ይጎድላሉ። ልብስ ማጠቢያና ሽንት ቤት ከገቡበት ግን ይህ ሁሉ ስሌት አይሠራም። ታንከሩ አንድ ሩቢኔት ብቻ፣ እሱም ቁልፍ ያለው ቢሆን የምንለው ለዚህ ነው።

ከስሌቱ የሚከተል ሌላም ነገር አለ። ዝናቡ ከተረፈ ሰኔ ላይ መሻማት አያስፈልግም። የበጋው አቧራ፣ የወፍ ኩስና የባህር ዛፍ ቅጠል ያለበትን የሰኔ ውሃ አሳልፎ፣ ጣሪያው ከታጠበ በኋላ በሐምሌ መሙላት፣ በነሐሴ እየቀዱ መልሶ መሙላት፣ መስከረም ላይ ሙሉውን ይዞ መዝጋት። ብዙ ሰው ግን የመጀመሪያዋ ጠብታ እንዳታመልጠው ይጣደፋል፤ የሚጠጣው ውሃ ቡናማ የሚሆንበት ዋናው ምክንያትም ይሄ ነው።

በስምጥ ሸለቆ ነገሩ ይለያል። ወንጂ፣ ዝዋይ ዙሪያና አላባ አካባቢ የሚገኙ ብዙ ጉድጓዶች ፍሎራይዳቸው ከዓለም ጤና ድርጅት ገደብ፣ ከ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር፣ ያልፋል። ጥርስ ያበልዛል፤ ለረጅም ዓመታት ሲጠጣ አጥንትን ይጎዳል። ውሃውን ማፍላትም አይረዳም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ ይጠነክራል። የጣሪያ ዝናብ ግን ፍሎራይድ የለበትም ማለት ይቻላል። አዲስ አበባ ላይ ሮቶ የፈረቃ ማካካሻ ነው፤ እዚያ ግን የልጆችን ጥርስ የሚያድን ዕቃ ነው። ዝናቡ ከአዲስ አበባው በጣም ስለሚያንስ አሸንዳው በሁለቱም ወገን ይሁን፣ ማስቀመጫውም ከፍ ይበል።

አሁን ወደ ሱቁ። ታንከር ሲመረጥ ቀለሙ ብቻ ምንም አይናገርም። ቀትር ላይ ክዳኑን ከፍታችሁ ጭንቅላታችሁን ብቻ አስገቡና ቀዳዳውን በጨርቅ አስሸፍኑ። ግድግዳው ከውስጥ ሲያበራ ከታያችሁ ብርሃን ያሳልፋል፤ ብርሃን ባለበት አረንጓዴ አልጌ ይበቅላል። በዚያው አፍንጫችሁንም ተጠቀሙ፤ የተቃጠለ ላስቲክ የሚሸት ታንከር ተመልሶ ከቀለጠ ፕላስቲክ የተሠራ ሊሆን ስለሚችል ለመጠጥ አይገዛም። ጥቁር ቀለም ይህን ለመደበቅ ይመቻል። ግድግዳውን በአውራ ጣት ዙሪያውን እየተጫናችሁ ሂዱ፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ገባ የሚል ከሆነ ውፍረቱ እኩል አይደለም። ክዳኑ ጥርስ ያለው ወይም የሚቆለፍ ይሁን። ለምግብና ለመጠጥ የሚሆን ፕላስቲክ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ጠይቁ፣ ዋስትናውንም በጽሑፍ ያዙ።

በእነዚህ መለኪያዎች ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ጥሩ ናቸው። አይዝጉም፣ ሁለት ሰው ባዶውን ያንቀሳቅሰዋል፣ እንደ ሲሚንቶ ገንዳ አይሰነጠቁም። የሚያናድደው ቁመታቸው ነው። ባለ 5,000ው እንደየፋብሪካው 2 ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይቆማል። የተለመደ የቆርቆሮ ቤት ጣሪያ ጫፍ ደግሞ ከመሬት 2.70 ሜትር አካባቢ ነው፤ አሸንዳው በሚወርድበት ጫፍ 2.60 ይሆናል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከሩቢኔት ሥር እንዲገባ ታንከሩ 45 ሳ.ሜ. ከፍ ይበል ከተባለ፣ ለወንፊቱና ለጎሚቶው ቦታ አይተርፍም። የለመደው ሠራተኛ መፍትሔው ቧንቧውን በጎን ገፍቶ ክዳኑን መቅደድ ነው። ይህን አትፍቀዱ። ታንከሩ ከመሬት 15 ሳ.ሜ. ብቻ ከፍ ይበልና ከሩቢኔቱ ሥር 35 ሳ.ሜ. የሚሆን፣ ጠጠር የለበሰ፣ ውሃ የሚወጣበት ትንሽ ጉድጓድ ለጀሪካኑ ይቆፈር። ወይም አጠር ያሉ ሁለት ታንከሮች፣ ለምሳሌ ባለ 2,000 እና ባለ 3,000፣ በእኩል ወለል ላይ አስቀምጦ ከግርጌ ማገናኘትና መሃላቸው ሳራቺኔስካ (የውሃ መክፈቻና መዝጊያ) ማስገባት ይቻላል። ሁለት መግዛት ከአንዱ ይበልጥ ያስወጣል፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላው ስለሚያጠጣ ግን ገንዘብ ላለው እኛ የምንመርጠው ይህን ነው።

መሠረቱ ላይ ማሾፍ የለም። ሙሉ ታንከር 5 ቶን ነው፤ የታንከሩ ወለል በሙሉ መደገፍ አለበት። በብሎኬት አራት ማዕዘን ወይም በእንጨት ቆጥ ላይ የተቀመጠ ሮቶ ግርጌው ይጎብጣል፣ መጀመሪያ የሚሰነጠቀውም መውጫው ዙሪያ ነው። ድንጋይ ተደልድሎ ላዩ 10 ሳ.ሜ. ፌሮ ያለው ኮንክሪት፣ ዙሪያውን ከታንከሩ 20 ሳ.ሜ. የሚተርፍ፣ በውሃ ልክ የተስተካከለ። መረሬ አፈር ያለበት ግቢ፣ ቦሌና አቃቂ በኩል እንደሚበዛው፣ በበጋ ይሰነጠቃል በክረምት ያብጣል፤ መረሬው ወጥቶ ገረጋንቲ ካልገባበት ታንከሩ በሁለተኛው ክረምት ያዘነብላል። ባዶ ታንከር ደግሞ ነፋስ ያንከባልለዋል። በተተከለበት ቀን ትንሽ ውሃ ይግባበት።

አሸንዳ ላይ የሚፈጸመው ስህተት የማይታይ ነው። ላሜራ ሠሪዎች መጋጠሚያውን በስታኞ (ቀልጦ በሚያጣብቅ ለስላሳ ብረት) ይበይዱታል፤ በተለመደው ስታኞ ውስጥ እርሳስ አለ። ዝናብ ለስላሳና ትንሽ አሲድነት ያለው ውሃ ስለሆነ እርሳስ የማሟሟት አቅሙ ከቧንቧ ውሃ ይበልጣል። ለመጠጥ የሚሆን አሸንዳ በሪቬት ተይዞ በሲሊኮን ይታሸግ። ሲሊኮኑም ሲከፈት አቼቶ አቼቶ የሚሸተው አይሁን፤ እሱ የላሜራውን ዚንክ ይበላዋል፣ ገለልተኛ የሚባለውን ጠይቁ። መደራረቡ በውሃው አወራረድ ይሁን፣ ላይኛው ቁራጭ ከታችኛው ውስጥ ይግባ። ዘቅዘቅነቱ በሜትር ከግማሽ እስከ 1 ሳ.ሜ.፣ ማንጠልጠያው በየ60 ሳ.ሜ. ይሁን። ማንጠልጠያ ሲሳሳ አሸንዳው በመሃል ይረግብና ውሃ ያቁራል፤ ትንኝ የሚራባው እዚያ ነው። በረዶ ከጣለ ደግሞ ክብደቱ ይጥለዋል።

ጣሪያው ራሱ ጋልቫናይዝድ ቆርቆሮ ከሆነ ጥሩ ነው። አዲስ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ዝናቦች ድፉ። ድሮ የተቀባና ቀለሙ የሚላላጥ፣ ወይም ቀዳዳው በሬንጅ የተደፈነ ጣሪያ ለመጠጥ አይሆንም። የሣር ክዳንም እንዲሁ። የባህር ዛፍ ቅርንጫፍ ከላይ ካለ ይቆረጥ፤ ቅጠሉ አሸንዳ ከመድፈኑ በላይ ውሃውን ያቀልመዋል፣ ያመርረዋልም።

ሱቁ የማይሸጠው ዋናው ዕቃ የመጀመሪያ ውሃ መጣያው ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ከአሸንዳ የሚወርደው ቧንቧ ወደ ታንከሩ ከመታጠፉ በፊት በቲ (ባለ ሦስት አፍ ማገናኛ) ይከፈልና አንዱ እግር ቁልቁል ይወርዳል፣ ጫፉ ይዘጋል። ጣሪያውን ያጠበው የመጀመሪያው ቆሻሻ ውሃ እዚህ እግር ውስጥ ይሞላል፤ ከሞላ በኋላ የሚመጣው ንጹሕ ውሃ ብቻ ወደ ታንከሩ ያልፋል። ውስጡ የምትንሳፈፍ ኳስ ካለች ሲሞላ አፉን ትዘጋዋለች፣ ቆሻሻው ከንጹሑ ጋር አይደባለቅም። ኳሷ የእግሩ አፍ ላይ ከሚገባው ጠበብ ያለ ቀለበት በጥቂቱ ትስፋ፤ ያለዚያ አልፋ ትወጣለች።

መጠኑ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ቢያንስ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ግማሽ ሊትር ይጣል። ለ30 ካሬ 15 ሊትር ነው። ባለ 110 ቧንቧ በሜትር 8.5 ሊትር ገደማ ስለሚይዝ 1.75 ሜትር ርዝመት ይበቃል፣ ከጣሪያው ሥርም ይገባል። ለ60 ካሬ ግን 30 ሊትር ያስፈልጋል፤ በባለ 110 ቧንቧ 3.5 ሜትር ይሆናል፣ ቤቱ ግን 2.70 ነው! ይህን ጊዜ ወደ ባለ 160 መሄድ ነው፤ በሜትር 18 ሊትር ገደማ ስለሚይዝ 1.70 ሜትር ይበቃል። ግማሽ ሜትር ቁራጭ አስገብቶ «ማጣሪያ አለው» የሚል ሠራተኛ ጣሪያውን ሳይሆን እናንተን እያጠበ ነው። ቦታ ከጠበበ ከመርካቶ የሚገኝ ያገለገለ በርሜል ለዚህ ሥራ ይሆናል፤ ውሃው የሚደፋ ስለሆነ። ለማጠራቀሚያ ግን ያገለገለ በርሜል፣ ቀድሞ ምን እንደያዘ ስለማይታወቅ፣ በነጻም ቢሰጥ አይወሰድ።

እግሩ ከዝናቡ በኋላ ራሱን ባዶ ማድረግ አለበት። ካላደረገ የትናንቱ ቆሻሻ ሞልቶት ስለሚቆይ የዛሬው ቆሻሻ በላዩ ተንሸራቶ ታንከር ይገባል፤ መጣያው አለ፣ ሥራ ግን አይሠራም። ቆልፎ በእጅ መክፈት ሰው ሳምንት ያደርገውና ይተወዋል። መፍትሔው ከታች ክዳኑ ላይ በመሰርሰሪያ ትንሽ ቀዳዳ ማበጀት ነው። 2 ሚ.ሜ. ቀዳዳ 15 ሊትሩን በአንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ያንጠባጥበዋል፤ እየዘነበም ጥቂት ውሃ ይባክናል፣ አዲስ አበባ ላይ ግን ግድ የለም። ዝናብ ውድ በሆነበት ስምጥ ሸለቆ 1 ሚ.ሜ. ይሁን፤ ሦስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፣ ቶሎ ግን በጭቃ ይደፈናል። የታችኛው ክዳን በማስቲሽ ተጣብቆ የሚቀር ሳይሆን ጥርስ ያለው፣ በእጅ የሚፈታ ይሁን፤ በክረምት በየሁለት ሳምንቱ ፈትቶ ጭቃውን መድፋት ነው። ረጅም ደረቅ ወቅት ካለፈ በኋላ ግን ግማሽ ሊትር በካሬ አይበቃም። ለዚያ ጊዜ ወደ ታንከሩ የሚሄደውን ቧንቧ አንዱን ማኒኮቶ (የቧንቧ ማገናኛ) ሳታጣብቁ ተዉትና ወደ ውጭ አዙሩት፤ ጣሪያው ሲጠራ ትመልሱታላችሁ።

መግቢያው ላይ የመስኮት ወንፊት፣ ክፍተቱ ከ1 ሚ.ሜ. ብዙ የማይበልጥ፣ ይታሰር። የሞላው የሚወጣበት ቧንቧ ውፍረቱ ከመግቢያው እኩል ይሁን፣ ጫፉም በወንፊት ይሸፈን፤ ብዙዎች መግቢያውን ሸፍነው ይህን ይረሱታል፣ ትንኙም እንሽላሊቱም የሚገባው በዚህ ነው። የሚገባው ውሃ ከላይ ሲወረወር ደለሉን ያናውጠዋል፤ ቧንቧው እስከ ግርጌ ወርዶ ጫፉ ወደ ላይ በጎሚቶ ቢታጠፍ ውሃው ተረጋግቶ ይገባል። ሩቢኔቱ ከወለሉ 5 ሳ.ሜ. ከፍ ይበል። መውጫው ላይ ከባድ የብረት ቧንቧ አታንጠልጥሉ። የመውጫውን ማሸጊያ ጎማም በቁልፍ እያፋጩ አታጥብቁ፤ ከጠበቀ በኋላ የሚያፈስሰው አብዛኛውን ጊዜ ጎማው ተጨምቆ ስለወጣ ነው። አንድ ነገር ደግሞ በጭራሽ፦ የዝናብ ታንከርን ከከተማው መስመር ጋር በአንድ ቧንቧ አታገናኙ። መስመሩ ላይ ግፊት ሲጠፋ የእናንተ የጣሪያ ውሃ ወደ ጎረቤት ይሄዳል።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም ውሃው ሳይታከም አይጠጣም። ወፍና ድመት ጣሪያ ላይ እስካሉ ድረስ ባክቴሪያ ይኖራል። ክሎሪኑን ታንከሩ ውስጥ ከመጨመር ከቀዱ በኋላ ጀሪካኑ ላይ መጨመር ይሻላል፤ ታንከር ውስጥ የገባው ክሎሪን ግማሹን ደለሉ ይበላዋል፣ የቀረውም በጊዜ ይጠፋል። ለ20 ሊትር ጥርት ያለ ውሃ ባለ 67 ሚሊ ግራም አኳታብስ (የክሎሪን እንክብል) አንድ ፍሬ ይበቃል፤ ውሃ አጋር (ፈሳሽ ክሎሪን) ከሆነ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው የክዳን ልክ። በረኪና የሚጠቀም ሰው ሽታና ቀለም ያልተጨመረበት ባለ 5 በመቶ መሆኑን ያረጋግጥና ለጀሪካኑ 0.8 ሚሊ ሊትር በፋርማሲ ስሪንጅ ይለካ፤ በክዳን መገመት የለም። ፀሐይ ላይ የቆየ በረኪና ኃይሉ ያልቃል። 30 ደቂቃ ተቆይቶ ትንሽ የክሎሪን ሽታ ከሌለው በዚያው ልክ ይደገማል። ደፍረስ ያለ ከሆነ መጀመሪያ በታጠፈ ነጠላ ጨርቅ ይጣራ።

ማፍላትም ይሆናል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ከፍታ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። የሴራሚክ ማጣሪያ ባክቴሪያን ይይዛል፣ ቫይረስን ግን በደንብ አይይዝም። በፕላስቲክ ጠርሙስ ፀሐይ ላይ ማስጣቱ ስድስት ሰዓት ደህና ፀሐይ ይፈልጋል፤ ሐምሌ ላይ ያንን ፀሐይ ፈልጉና ንገሩን። ጣዕሙን በተመለከተ ማዕድን የሌለው ውሃ ለምላስ ፈዘዝ ይላል፤ ለሻይ ለቡና ግን ተስማሚ ነው፣ የጀበናውም ሆነ የማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት አይሠራም።

ዓመታዊ እጥበት ግንቦት ላይ፣ ታንከሩ ባዶ ሊሆን ሲል ነው። ደለሉ ከግርጌ ይወጣል፣ ግድግዳው በረጅም እጀታ መጥረጊያ ከክዳኑ በኩል ይታሻል። 20 ሊትር ውሃ ላይ 20 ሚሊ ሊትር ባለ 5 በመቶ በረኪና ተጨምሮ ግድግዳው ሁሉ ይረስ፣ 30 ደቂቃ ቆይቶ በንጹሕ ውሃ ይለቅለቅና ይደፋ። በረኪናን ከአሲድ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ። ሰው ታንከር ውስጥ አይግባ፤ የግድ ከሆነ ክዳኑ ክፍት ይሁን፣ ውጭ የሚጠብቅ ሰው ይኑር፣ በረኪናውም እሱ ከወጣ በኋላ ይጨመር።

ለማን አይሆንም? ሲሚንቶ ፋብሪካ ወይም ድንጋይ መፍጫ አጠገብ ላለ ቤት አንመክርም። ፀረ ተባይ የሚረጭ የአበባ እርሻ ጎን ያለ ጣሪያም እንዲሁ፤ ክሎሪን እነዚህን አያጠፋም። ተከራይ ከሆናችሁና አሸንዳው የባለቤቱ ከሆነ መሠረትና 5,000 ሊትር ላይ ገንዘብ አታፍስሱ። ባለ 500 ሊትር ታንከር፣ ባለ 110 መጣያና ሊፈታ የሚችል ማኒኮቶ ይበቃችኋል፤ ስትለቁ ሁሉም በአንድ አይሱዙ ይጫናል።